ሁለቴ የተነከረው ሕፃን

ቀናው ክርስትና አባት በሆነበት ዕለት ለደረሰው ጥፋት ለግማሹ ተጠያቂው ዝናቡ ነው። ሌላው ግማሽ የአንለይ ነው፤ ለመንታ ልጆቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ብርድ ልብስ የገዛ አባት እንዲህ በቀላሉ አያመልጥም። የቀረው በሙሉ የቀናው ነው።

ቀናው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አገሩ ድባጤ። በዚያ በክፉው ዓመት እናቱንና ሁለት ወንድሞቹን ቀብሮ ባዶ እጁን አሶሳ ገባ። ስለዚህ ነገር የሚጠይቀው ሲኖር "አዎ፣ ከድባጤ ነኝ" ይላል፤ ከዚያ አልፎ አይሄድም፣ ሰውም አይገፋውም። የበቆሎና የሰሊጥ ነጋዴው አንለይ ከግቢው ኋላ ያለችውን ክፍል አከራየው። የአንለይ ሚስት ስርጉት ደግሞ ሰውየው በሩን ዘግቶ ደረቅ ዳቦ ሲገምጥ አንድ ሁለት ቀን አየችና "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል፤ ና ወደዚህ" ብላ ወደ ማዕድ ጠራችው። ከዚያ ወዲህ ቀናው ራቱን በክፍሉ በልቶ አያውቅም።

ስርጉት መንታ ወለደች። ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም አንድ መልክ። አንለይ ከደስታው ብዛት ለጥየቃ የመጣውን ሁሉ "እስቲ የቱ እዩኤል ነው፣ የቱ ባሮክ?" እያለ ይፈትን ጀመር። መልሱን እሱም አያውቀውም ነበር። የምታውቀው ስርጉት ብቻ ናት፤ እሷም ስትጠየቅ "ዓይን የላችሁም እንዴ?" ከማለት በቀር ምልክቱን አትናገርም።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ለባሮክ የአንለይ ያክስት ልጅ ከደብረ ዘይት እንዲመጣ ተላከበት፤ ከቢሾፍቱው አይደለም፣ ከወንበራው። ለእዩኤል ስርጉት ቀናውን መረጠች። "አበልጄ ትሆናለህ" አለችው፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል። የልጅ ወላጅና የክርስትና አባት አበልጅ ናቸው። አበልጅ ደግሞ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም ከሥጋ ዘመድ የሚሻልበት ጊዜ አለ፣ ርስት አካፍለኝ ብሎ አይከስስም። ቀናው "እሺ" ብሎ ወጣ። ወጥቶም ባጃጁን አጠበ። የታጠበ ባጃጅ ነበር፤ ደግሞ አጠበው። ደስ ብሎታል፤ ደስታውን ግን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

የክርስትናው ዕለት ዝናቡ ጎሕ ሳይቀድ ጀምሮ ያወርደዋል። የወንበራው ሰው የተሳፈረበት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገድ ላይ ቀረ። ቄስ ምንይችል ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አይወዱም፤ ሰማይ ቢደፋም ቅዳሴ በሰዓቱ ይገባል። "አንዱ ለሁለቱም ይሁን" አሉና ቀናውን ሁለቱንም ሕፃናት አስታቅፈው ወደ ክርስትና ቤት አስገቡት። ስርጉትና ሴቶቹ ከደጅ ጥላ ዘርግተው ቆሙ።

ክርስትና ቤቱ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። ዝናቡ ጣሪያውን ሲቀጠቅጠው የቄሱ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ድምፃቸው አይሰማም። ጣሪያውም እዚህም እዚያም ያፈስሳል። ቀናው የተማረውን አልረሳም፤ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሰይጣንን ካደ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አመነ። ለሁለት ልጅ ነውና ሁለት ጊዜ ካደ፣ ሁለት ጊዜ አመነ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ልክ ነበር።

አንደኛውን ሕፃን ገፍፎ ለቄሱ ሰጠ። ቄሱ በስመ አብ ብለው ነከሩት፣ ወወልድ ብለው ነከሩት፣ ወመንፈስ ቅዱስ ብለው ነከሩት። ሕፃኑ ዝናቡን የሚያስንቅ ጩኸት ጮኸ። ቀናው ተቀብሎ በሰማያዊው ብርድ ልብስ ጠቀለለውና አግዳሚው ላይ ከወንድሙ ጎን አስተኛው። በዚህ መሐል ቄሱ አንድ ነገር ተናገሩ። ቀናው አልሰማምና "አቤት?" ብሎ ዞረ። ቄሱ ደገሙለት። "ፍጠን" ነበር ያሉት። ቀናውም ፈጥኖ ከአግዳሚው ላይ አንዱን ሰማያዊ ጥቅል አነሣ። ጥቅሉ እርጥብ ነበር። እርጥብ መሆኑ አልገረመውም፤ ጣሪያው ያፈስሳል፣ ሕፃንም በራሱ መንገድ ይረጥባል።

ሁለተኛው ሕፃን ሲነከር አላለቀሰም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ገብቶ ወጣና ቀና ብሎ ቄሱን አያቸው፤ አስተያየቱ የሚያውቁትን ሰው የሚያዩበት ዓይነት ነበር። ቄስ ምንይችል ደስ አላቸው።

"ይኸኛው ጨዋ ነው" አሉ።

ቀናው ያን ጊዜ ገባው። ወደ አግዳሚው ዞረ። ያኛው እንቅልፉን ይለጥጠዋል። አሁን ቅድም እሪ ያለ ልጅ ነው እንዲህ የሚተኛው? ያን ሰዓት አፉን ቢከፍት ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ያልተጠመቀው ያውና፣ ውሃው ይኸውና። ነገር ግን ቄሱ ወደሚቀጥለው ጸሎት አልፈዋል፤ ደጅ የአንለይ ዘመድ አዝማድ ቆሟል፤ እሱም አበልጅ ከሆነ ገና ሰዓት አልሞላውም። ሳይጀምር ይህን ያህል ላበላሸ ሰው አበልጅነቱ ይጸናለታል ብሎ አላመነም። ስለዚህ ዝም አለ። ሕፃናቱ ሜሮን ተቀቡ፣ ማዕተብ ታሰረላቸው፣ የክርስትና ስም ወጣላቸው። ቀጥሎም ሴቶቹ ከእጁ ነጠቁትና እያገላበጡ ሲቀባበሏቸው የቱ የቱ እንደሆነ ከዓይኑ ጠፋ። ሁለቱም ቆረቡ።

በድግሱ ላይ ቀናው ከሽማግሌዎቹ አጠገብ ተቀመጠ። ትልቁ ሥጋ ለሱ ወጣ። አንለይ ብርሌውን ከፍ አድርጎ "የሁለት ልጅ ክርስትና አባት! በአንድ ቀን! እንዲህ ያለ አበልጅ በአሶሳ አለ?" ብሎ ተናገረ። ሽማግሌዎቹም የለም አሉ። ቀናው ልክ ናቸው ብሎ አሰበ፤ እንዲህ ያለ የለም። ሥጋውን አላምጦ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። የቀናው ዝምታ ሳምንት ሳይሞላው ነቀዘ። አንዱ ልጅ ሁለቴ ተጠምቋል፣ ሌላው ጨርሶ አልተጠመቀም። ሁለቱም ክፉ ነው። ጸሎተ ሃይማኖት "በአንዲት ጥምቀት እናምናለን" ይላል፤ የተጠመቀን መልሶ ማጥመቅ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ይዞ ሄዶ "እንደገና" ማለት አይቻልም። ያልተጠመቀው ደግሞ ክፉ ቀን ቢመጣበት ፍትሐት የለውም፣ ከቤተ ክርስቲያን አጸድም አይቀበርም። የእናቱንና የወንድሞቹን መቃብር በገዛ እጁ የቆፈረ ሰው ይህን እንደ ቀልድ አያስበውም።

እናም ያልተጠመቀውን ፍለጋ ያዘ። ስርጉት ልጆቹን ስታጥብ ሰበብ ፈጥሮ ከአጠገቧ ይቆማል፤ የተጠመቀው ውሃ ለምዷል፣ ያኛው ይጮኻል ብሎ ነው። ሁለቱም ጮኹ። ሌላ ቀን ብቻቸውን ሲያገኛቸው በላያቸው ላይ አማተበና ፊታቸውን ተመለከተ። አንደኛው ፈገግ አለ፣ ሌላው አስነጠሰ። ከዚህ ምን እንደሚወሰድ አላወቀም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነበት።

ነገሩ ሲያይልበት ባጃጅ ተራ ላይ ለጓደኛው ለኡመር ነገረው። ኡመር የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ስለዚህ ሮጦ ለቄስ አይናገርም።

"ዝናቡ ሁለቱም ልጅ መታው?" አለ ኡመር።

"መታቸው።"

"ጸሎት ሁለቱም ሰማው?"

"እዚያው ነበሩ።"

"ኸላስ። ውሃ አለ፣ ዱዓ አለ። ወላሂ ሁለቱም ጨረሰ።"

ቀናው ለግማሽ ቀን ተጽናና። ከምሳ በኋላ ግን በዚህ ሕግ ከሄድን አግዳሚውም ተጠምቋል የሚል ሐሳብ መጣበትና ተመልሶ ከፋው።

ንስሐ እንዳይገባ የንስሐ አባቱ የድባጤ ነበሩ፤ ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። አሶሳ ላይ ሌላ አልያዘም። አንድ ቀን ግን ቄስ ምንይችልን ከገበያ አሳፍሮ ሲመለስ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጀመረ።

"አባ፣ ለምሳሌ" አለ።

"ለምሳሌ ምን?"

"ለምሳሌ አንድ ክርስትና አባት ቢሳሳትና ልጁ ሳይጠመቅ ቢቀር።"

ቄሱ መቁጠሪያቸውን አንከባለሉ። "ሰው ሁለት ጊዜ ይወለዳል" አሉ በኋላ። "አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከውሃ። የፊተኛው ለዚህ ቤት ነው፣ የኋለኛው ለዚያ ቤት። ከእናቱ ሳይወለድ እዚህ የሚኖር ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያ።"

"ልጁ ግን ምን ያውቃል፣ አባ? ጥፋቱ የሱ አይደለም።"

"አይደለማ። ልጁ አፍ ስለሌለው አይደል ክርስትና አባት የሚቆምለት? አፍ ሁንለት ተብሎ ቆሞ አፉን የዘጋው ይጠየቅበታል።" መቁጠሪያቸውን ጨበጥ አደረጉ። "በምሳሌህ ውስጥ እናት የለችም?"

"አለች።"

"እንግዲህ ምሳሌውን ለሷ ንገራት።"

ቀናው ጉድጓዱን ሳያይ ገባበት። ቄሱ ራሳቸውን በባጃጁ ብረት ተመቱ፤ ጥምጥማቸውን አቀኑ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀናው "ዛሬ እነግራታለሁ" እያለ ያድራል። ማታ ማዕድ ሲቀርብ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ስርጉት "አበልጄ፣ አይብ ልጨምርልህ?" ትለዋለች። "ጨምሪልኝ" ይላል። አበልጄ ባለችው ቁጥር ነገሩ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይገፋል። የሚፈራው ቁጣዋን አልነበረም። የሚፈራው ያ ቃል ከአፏ የሚቀርበትን ቀን ነበር።

ክረምቱ ወጣ፣ ወባው ገባ። እዩኤልን ያዘው። አንለይ ሰሊጥ ሊገዛ ገጠር ወርዷል። ስርጉት ባሮክን ለጎረቤቷ ለሰዕዲያ ሰጠችና እዩኤልን አቅፋ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ቀናው ያን ዕለት ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ እየሸሸ ነዳ። ሆስፒታል ሐኪሙ ልጁን አየ፣ ደሙን አስመረመረ፣ መርፌ ታዘዘለት፣ ግሉኮስ ተሰቀለለት። "ከሰዓት በኋላ እናየዋለን" አለና ሄደ። ይህ ቃል ለሐኪም ቀጠሮ ነው፣ ለወላጅ ግን ሌላ ነው።

ልጁ እንደ ፍም ይነዳል። ቀናው ከአልጋው ግርጌ ቆሟል። አግዳሚው ላይ ተኝቶ የነበረው ይኸኛው ቢሆንስ ብሎ አሰበ። ከሰዓት በኋላ ክፉ ቢመጣ፣ አንድ ቃል ልትናገርለት ቆመህ ሳትናገርለት ቀረህ ይባላል፤ መባሉስ ይቅር፣ ልጁ ወዴት ይሄዳል? ይህን ሲያስብ የአልጋውን ብረት ያዘ። ስርጉት የሕፃኑን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ እያበሰች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣ "ይሁን። ተጠምቋል፣ ቆርቧል። እንደ ፈቃዱ" አለች።

"አልተጠመቀ ይሆናል" አለ ቀናው።

ስርጉት ቀና አለች።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ ሁሉንም ነገራት። ዝናቡን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቄሱን ቀና ብሎ ያየውን ልጅ፣ አግዳሚው ላይ የተኛውን ልጅ፣ ዝም ማለቱን። "የትኛው እንደሆነ አላውቅም" አለ። "ምናልባት ይኸኛው ነው። ባጃጁ ደጅ ነው፤ አሁን አባን አመጣቸዋለሁ። እንዴት እንደሚያደርጉት እሳቸው ያውቃሉ። ከዚያ ወዲያ ቤታችሁን እለቃለሁ።"

ስርጉት ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። መልሳ ግንባሩ ላይ አደረገችው።

"ሁለቴ የተነከረው ይኸ ነው" አለች። "ወባው አንዱንም አልሰማም።"

ቀናው ልጁን አየ፣ እሷን አየ።

"የዚያን ዕለት ቤት ገብቼ ልብሳቸውን ስገፍፍ፣ የባሮክ አንገት እጥፋት ውስጥ ጠዋት የነሰነስኩለት ፓውደር እንዳለ ነው" አለች። "ሦስት ጊዜ ገንዳ ገብቶ የወጣ ልጅ አንገቱ ውስጥ ፓውደር ይቀራል?"

"አይቀርም።"

"እኔም አይቀርም አልኩ። ባምባሲ ወስጄ አስጠመቅሁት።"

"መቼ?"

"አክስቴን ልጠይቅ ብዬ የሄድኩ ጊዜ። መናኸሪያ ያደረስከኝ አንተ ነህ።"

ቀናው አስታወሰ። መንገዱን ሙሉ ለባሮክ እየዘመረለት ነበር ያደረሳቸው።

"ማዕተቡን ፈታሁና፣ አሞኝ ነው የዘገየሁት ብዬ ቄስ ዋሸሁ። ክርስትና አባት አምጪ አሉኝ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ ለመንኩ። ነገራ ይባላል፣ ደግ ሰው ነው። ስመለስ ለአባ ምንይችል ንስሐ ገባሁ። ስለ ውሸቱም፣ ልጁ ሜሮን ሁለት ጊዜ ስለ መቀባቱም ቀኖና ሰጡኝ። ሰግጄ ጨርሻለሁ። አንተ ነህ የቀረኸው። ያ ባለባጃጅ መቼ ነው ለንስሐ የሚመጣው እያሉ ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል።"

"አባም ያውቃሉ?"

"ያውቃሉ። በንስሐ የተነገረ ከአፋቸው አይወጣም እንጂ።"

ቀናው ያን የባጃጅ ጨዋታ ከራስ እስከ እግሩ አሰበውና ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያም ቁጣ ቢጤ መጣበት። ያን ሁሉ ወር እንቅልፍ አጥቷል፣ ሲያጥቧቸው ቆሞ አይቷል፣ በሕፃናት ላይ እያማተበ ሲያስነጥሱ ተርጉሟል።

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

ስርጉት ልጁን በጎኑ አስተኝታ ጀርባውን አበሰች።

"ብነግርህ አፍረህ ትሄዳለህ" አለች። "ይኸው ዛሬም እለቃለሁ እያልክ ነው። ለአንለይ ብነግረው ደግሞ ገበያው ሁሉ ይሰማል፣ ያው ትሄዳለህ። የት ነው የምትሄደው? ማን አለህ?"

ቀናው የባጃጁን ቁልፍ በእጁ አዞረ።

"ማንም የለህም" አለች ስርጉት። "ስለዚህ ዝም አልኩ። ባሮክ የነገራ ነው፣ እሱን አትርሳ፤ በዓመት በዓል ሰውየውን ሄደህ ትጠይቀዋለህ። እዩኤል ግን ያንተ ነው። ሁለቴ ነው ያንተ።"

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ በቀጠሮው መጣ። የልጁን ብብት ዳሰሰ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ ትኩሳቱ እየወረደ ነው አለ። እዩኤል ጡት ጠባና ተኛ። ይህን ጊዜ ቀናው፣ እስካሁን በደንብ ቆሞ የነበረው ሰውዬ፣ ማልቀስ ጀመረ። ለማቆም ሞከረ፣ ባሰበት።

"ውጭ ወጥተህ አልቅስ" አለች ስርጉት። "አሁን ገና ነው ያሸለበው።"

ወጣ። ባጃጁ ውስጥ ገብቶ መሪውን ይዞ አለቀሰ። ድባጤ ላይ አላለቀሰም፤ ያን ጊዜ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረም። መሐል ላይ አንድ ሰውዬ ዶሮ ይዞ ከኋላ ገባና "ገበያ" አለ። ቀናው ሥራ ላይ አይደለሁም ለማለት ድምፅ አልነበረውም፤ ሞተሩን አስነሥቶ እንባውን በክንዱ እየጠረገ ነዳ። ሰውዬው ከሆስፒታል ደጅ የተነሣ ነጂ ሲያለቅስ ምን ማለት እንደሆነ አላጣውም።

"እግዜር ያጥናህ ወንድሜ" አለው። "ማን ሞቶብህ ነው?"

"ማንም አልሞተ" አለ ቀናው። "ዘመድ አግኝቼ ነው።"

ሰውዬው ዶሮውን ጠበቅ አድርጎ ያዘና ገበያው ሳይደርስ ወረደ።